ሃያ ቆርኪና ሁለት ጥርስ

አስካለች ስትማታ ገላጋይ አይደፍራትም። ከመናኸሪያ ኦቶና በሚባለው መስመር ባጃጅ መንዳት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ስምንት ዓመት ውስጥ ያደማችው አፍንጫና የቀደደችው ኮሌታ ተቆጥሮ አያልቅም። «ሴት ደግሞ ሹፌር!» ብሎ ያፌዘባትን የሚኒባስ ነጂ በመስኮት ጎትታ አስፋልት ላይ ጥላዋለች፤ ሰውዬው ለሳምንት ያህል አንገቱን ማዞር አቅቶት ነበር። ከወንበሯ ሥር የጎማ መፍቻ ብረት አይጠፋም። የባጃጅ ተራ ልጆች «አስኩ መፍቻ» የሚሏትም ጎማ በመፍታት ስለምትታወቅ አይደለም።

በዚያ ሁሉ ድብድብ አንድም ቀን ተጸጽታ አታውቅም ነበር። አምና በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን የተማታችው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ባዛር ተከፍቶ ነበር፤ ሜዳው ላይ ሕጻናት ጭኖ የሚዞር አነስ ያለ መንኮራኩር ተክለዋል። አስካለች ልጇን ሶልያናን በባጃጇ ጭና ሄደች። ሶልያና ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ አትናገርም፣ ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። የሚሽከረከር ነገር ካየች ግን ረሃቡንም ብርዱንም ትረሳዋለች። ባጃጅ ጎኑን ተጋድሞ ሲጠገን ካየች ጎማውን እያዞረች ግማሽ ቀን ትውላለች። ታዲያ ሰልፍ ምን እንደሆነ ይህች ልጅ ከየት ትወቀው? ሰዉን ገፍትራ ወደ መንኮራኩሩ ሮጠች፤ ሲይዟት ጮኸች፣ ነከሰች፣ ቧጨረች። ዳልጮ የሚባል የበዴሳ ከተማ ሞተረኛ «ልጄን ገፋችብኝ» ብሎ በጥፊ አጮላት፤ ሶልያና በፊቷ ተደፋች።

አስካለች አልተሳደበችም። መፍቻውን ከባጃጇ መዘዘችና አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። የዳልጮ የፊት ጥርስ ከነደሙ ሸሚዙ ላይ ወደቀ።

ሁለት ቀን ታሰረች፤ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁና ወጣች። ቤቷ ስትደርስ የሶልያና ግንባር በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ደግሞ ደም በደም ሆኖ ጠበቃት። ልጅቷን ይጠብቅ የነበረው የአስካለች ታላቅ ወንድም ኤርካሎ ዐይኑ ቀልቷል።

«ግድግዳውን በግንባሯ ስትመታው ነው የከረመችው» አላት። «ሁለት ሰው ሆነን ይዘናት አልቻልናትም። አንቺ ሰው ትመቻለሽ፣ እሷ ደግሞ ራሷን። ዞረሽ አይተሽ አታውቂም እንዴ?»

አይታ አታውቅም። ወደ ኋላ ስታስበው ግን እውነቱን ነው፤ እሷ በተማታች ቁጥር ልጅቷ አንድ ቦታዋ ቆስሎ ያመሻል። ደሙን ከግድግዳው በውሃ እያጠበች ማለች፤ ከእንግዲህ ሶልያና እያየች እጇን በሰው ላይ ላታነሳ።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ያለ የመዝናኛ ፓርክ ቪዲዮ በስልኳ ታይ ነበር፤ ከፎቅ የሚበልጥ መንኮራኩር ሰው ጭኖ በቀስታ ይዞራል። ሶልያና አጠገቧ መጣችና ጣቷን ዘርግታ ጠቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስትፈልግ የሰው እጅ ትጎትታለች እንጂ ጠቁማ አታውቅም። በትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ክፍል የምታስተምራት ቲቸር ትሕትና ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

«መጠቆም እኮ ዝም ብሎ ነገር አይደለም» አለቻት። «‹አንቺም እዪልኝ› ማለት ነው። ዛሬ ልጅሽ አናገረችሽ።»

በቃ፣ አስካለች እዚያው ቆረጠች። ይህች ልጅ መንኮራኩሩ ላይ ትወጣለች!

ከጸሎት ቤት በተሰጣት ካላንደር ጀርባ ላይ ዕቅዷን ጻፈች። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር። ቡታጅራ ላይ ሽንት። ለጩኸቱ የጆሮ መሸፈኛ። ፓርኩ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። ለሁሉም መላ ተገኘለት፤ መላ ያጣው ሰልፉ ብቻ ነው። እሱንም ቲቸር ትሕትና ዘዴ ፈጠረችለት፦ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ በቀኝ ኪስ ይከተታል፤ ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ አንድ ቆርኪ ወደ ግራ ኪስ ይዛወራል። ቀኝ ኪስ ባዶ ሲሆን ተራችን ደርሷል ማለት ነው።

መለማመጃ ሰልፍ ከየት ይመጣል እንዳትሉ! የቤንዚን ሰልፍ ምን ሠርቶ ይበላል? ማደያው በር ላይ ባጃጅና ሞተር ተኮልኩሎ ይውላል፤ ቤንዚን እንዳያልቅ ሞተሩ ይጠፋና ሁሉም የየራሱን በእጁ እየገፋ ነው ወደፊት የሚጠጋው። ቡጢ የማይሰነዘርበት ቀን ግን የለም። ከዚያ የባሰ ሰልፍ አዲስ አበባም አይገኝም ብላ አሰበች።

በመጀመሪያው ቀን ሶልያና አራተኛው ቆርኪ ላይ የእናቷን ክንድ ነክሳ ሥጋ ልታነሳ ምንም አልቀራት። በሌላ ቀን የባጃጁን የፊት መስታወት በእግሯ ሰነጠቀችው። አንዴም የእናቷን ፀጉር በሁለት እጇ ይዛ ከመሪው ጋር አላተመቻት። «እሰሪያት እንጂ!» ይላል አንዱ፤ «አጋንንት ነው፣ ጸሎት አስደርጊላት!» ይላል ሌላው። የድሮዋ አስኩ ብትሆን ሁለቱንም ባነጠፈቻቸው! ይቺኛዋ ጥርሷን ነክሳ ቆርኪ ትቆጥራለች። ስድስት ደረሱ፤ ዘጠኝ ደረሱ፤ በሦስተኛው ወር አሥራ ሰባት።

«ተዪው፣ እህቴ» አላት ኤርካሎ፣ የክንዷን ቁስል እያየ። «እዚህ እንዲህ ያደረገች አዲስ አበባ ሄዳ ሰው ብታስገድልሽስ?»

«ሐሙስ የመጨረሻችን ነው» አለችው። «ራሷን ሳታደማ ሃያውን ከጨረሰች ቅዳሜ እንሄዳለን። ካልቻለች ግን እቀራለሁ፤ ሁለተኛ ስሙን አላነሳውም።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሶልያና አሥራ ሁለተኛውን ቆርኪ አዛውራ የኋላ ወንበር ላይ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። ይኼኔ አንድ ሞተር ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ከጎን መጣና በአስካለች ባጃጅ ፊት ተሰነቀረ። ነጂው ዘወር አለ። ዳልጮ ነው፤ የፊት ጥርሱ ቦታ እንደ ተነቀለ በር ክፍቱን ነው።

«ተራህ ከኋላ ነው፣ ወንድሜ» አለችው በቀስታ።

የሰልፉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አስኩ መፍቻ «ወንድሜ» አለች? ዳልጮም ገርሞታል። በሽማግሌ ፊት ጉልበት ስሞ ታርቆ ነበር፤ ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ነገሩ። ከሞተሩ ወርዶ ቀረባት።

«ያን ብረትሽን ዛሬ አታወጪውም?»

«አላወጣም።»

በጥፊ አላት። ጆሮዋ ጮኸ፤ እጇ እሷን ሳያስፈቅድ ወንበሩ ሥር ገብቶ መፍቻውን ጨበጠ። ያኔ ከኋላዋ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ሶልያና ግንባሯን ከባጃጁ ብረት ጋር አጋጭታለች። አስካለች ብረቱን እንደ እሳት ለቀቀችው።

«ሶልዬ! ቆርኪሽን ያዢ! ቆርኪውን!»

የዳልጮ ቡጢ አፏ ላይ አረፈና ከንፈሯ ፈረጠ። ቀጥሎ ሆዷን በእርግጫ አላት፤ ጎማው አጠገብ ተዘረረች። «ጥርሴን! ጥርሴን!» እያለ ጎኗን ይረግጣል። መጀመሪያ ሰዉ ዝም ያለው ተነስታ እስክትገድለው እየጠበቀ ነው። እንደማትነሳ ከገባቸው በኋላም ግን ማንም ንቅንቅ አላለም፤ በመስኮት የጎተተችው የሚኒባስ ነጂ እንዲያውም ከማዶ «ጨምርላት!» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አስካለች እጆቿ እንዳይነሱባት የባጃጁን ጎማ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። መምታት ስትችል መመታት እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን አታውቅም ነበር።

ድንገት ጎማው በእጆቿ መሃል ተንቀሳቀሰ።

ከፊት ያለው ባጃጅ ተጠግቶ ቦታ ተከፍቷል፤ ቦታ ሲከፈት ደግሞ ይገፋል። ሦስት ወር ሙሉ ሶልያና ያየችው ይህንኑ ነው። ከወንበሯ ወርዳ፣ ሁለት እጇን ከባጃጁ ኋላ አስደግፋ ገፋችው። ቁልቁለት ቢጤ ስለነበር ተንከባለለ፤ ተንከባልሎም የዳልጮን ሞተር ከነጀሪካኑ ጣለው። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ማንንም አላየችም፤ ከቀኝ ኪሷ አሥራ ሦስተኛውን ቆርኪ አውጥታ ወደ ግራው ከተተችና ቆማ መጠበቅ ጀመረች።

ዳልጮ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ቡጢውን ጨብጦ ወደ ልጅቷ ዞረ።

አስካለች እንዴት እንደተነሳች ራሷም አታውቅም። መሃላቸው ገብታ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ደም የሞላ ፊቷን ሰጠችው።

«እሷ ሰልፍ ላይ ናት» አለችው። «ጥርስህ ያለው እኔ ጋ ነው። እኔን ምታ።»

መታት። አገጯን ብሏት ስትንገዳገድ አፏ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። መዳፏ ላይ ተፋችውና ዘረጋችለት፤ የፊት ጥርስ ነበር።

«ይኸው ጥርስህ። አሁን ሂድና ከኋላ ተሰለፍ።»

ዳልጮ ጥርሱን አየው፤ እጁ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ሰዉ እፍረት የተሰማው። ሦስት ባጃጅ ነጂዎች ሞተሩን አንስተው እየገፉ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ወሰዱት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። አንዱ ውሃ አመጣላት፤ ተጉመጥምጣ ደሙን ተፋችና መሪዋን ያዘች።

አሥራ አራት። አሥራ አምስት። ሶልያና ግንባሯ ቀልቷል እንጂ አልደማም። ሃያኛው ቆርኪ ግራ ኪስ የገባው ቤንዚን መቅጃው ሥር ነው።

«ወይኔ አስኩ!» ብላ ቤንዚን ቀጂዋ አያልነሽ ደረቷን መታች። «ምን ሆነሽ ነው? ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ!»

«መጀመሪያ ቅጂ» አለቻት አስካለች።

ሶልያና አጠገቧ መጥታ ጣቷን ዘረጋች። መንኮራኩሩን ፈልጋ ነው ብላ አስካለች በደማው እጇ ስልኳን አወጣች። ጣቱ ግን ወደ ስልኩ አልዞረም። ወደ እናቷ አፍ ነበር፤ ጥርሱ ከነበረበት ክፍተት ፊት ቆሟል። ከጣቱ በላይ ደግሞ ሁለት ዐይኖች የእናቷን ዐይን ቀጥ ብለው ያያሉ።

አስካለች ተደብድባ አልቅሳ አታውቅም ነበር። አሁን ግን በሰው ፊት ተንሰቀሰቀች።

«አየሁት፣ ልጄ» አለቻት። «እኔም አየሁት።»

ከዚያ ሃያውን ቆርኪ ከልጇ ግራ ኪስ አወጣችና ለቅዳሜ ብላ መልሳ ቀኝ ኪሷ ውስጥ ከተተችላት።