ሪግሞር የልጇን ካርታ የሸጠች ቀን

ሪግሞር አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በቫይሌ ከተማ መዋኛ ቤት ዋናተኞች እንዳይሰጥሙ ትጠብቃለች፤ ወንበር ተሰጥቷታል፣ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ የገንዳውን ዳር ስትዞር ነው የምትውለው። የአጃ ዳቦዋን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። ዕድሜ ነው ያቁነጠነጣት የሚሉ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነበረች።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በኮምፒዩተር ጨዋታ ግጥሚያዎች ላይ መነገድ የጀመረችው። ሁለት ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በሦስት ካርታዎች ላይ ይጋጠማሉ፤ ካርታ የሚሉት የሚዋጉበትን ሰፈር ነው። ገበያው ላይ «የመጀመሪያውን ካርታ እነ እገሌ ያሸንፋሉ» የሚል ድርሻ ይሸጣል። ካሸነፉ ሙሉውን ገንዘብ ይከፍላል፣ ከተሸነፉ ባዶ ይቀራል፤ እስከዚያው ዋጋው እንደ ሰዉ ግምት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሪግሞር ከመጀመሪያው ካርታ አልፋ አታውቅም፤ ሦስተኛውን የምትጠብቅበት ትዕግሥት ከየት ይመጣል?

«አንቺ እኮ ቀብር ላይ እንኳ ሬሳው ሳይገባ ነው የምትወጪው» ይላታል የሥራ ባልደረባዋ ፕሬበን።

«አንተ ዋናተኞቹን ጠብቅ፤ እኔን ተወኝ።»

ልጇ ላውሪትስ ኦልቦር ከተማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቡድን ይጫወታል። ከየግጥሚያው በፊት ይደውልላታል፤ ለአሰልጣኙ የማይናገረውን ፍርሃቱን ለእሷ ይነግራታል። በእሱ ጨዋታ ላይ እንዳትነግድ ብቻ አስምሏታል። እሷ ግን በድብቅ ሁልጊዜ የእሱን ቡድን ትገዛለች። ለገዛ ልጄ ብገዛ ምን ኃጢአት አለው ብላ ራሷን አሳምናለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደወለ።

«እማ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምን ሆንክ?»

«እጄ አብጧል። የመጀመሪያውን ካርታ ተጠባባቂው ነው የሚጫወተው። ተጋጣሚዎቻችን አያውቁም፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«አበድክ እንዴ? ለማን እተነፍሳለሁ! በረዶ ያዝበት፣ የኔ ልጅ።»

እውነትም ለማንም አልተነፈሰችም። ወጥ ቤት ገባች፣ ወጣች፤ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። የገዛቻቸው ድርሻዎች ዓይኗ እያየ ባዶ ሊቀሩ ነው። እጇ አላስቀምጥ አላት። ሁሉንም ሸጠችና እፎይ አለች።

የረሳችው፣ ገበያው ትንሽ መሆኑን ነበር። በትልልቆቹ ቡድኖች ግጥሚያ የአንድ ሴት ሽያጭ ከቁጥር አይገባም፤ የእነ ላውሪትስን ካርታ የሚገዛው ግን ጥቂት ሰው ነው። ዋጋው ተንኮታኮተ። ተጋጣሚዎቹም ይህንን አዩና ዋናው ተጫዋች አንድ ነገር ሆኗል ብለው ጠረጠሩ። ከግጥሚያው በፊት ቡድኖቹ ካርታ ሲመርጡ፣ ያለ እሱ ቡድኑ የማይወጣውን መረጡባቸው። ተሸነፉ።

ላውሪትስ ማምሻውን ደወለ።

«እማ፣ ከቡድኑ ውጪ የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። ዋጋው የወረደው ደግሞ ስልኩን እንደዘጋን ነው። ሸጠሻል?»

ሪግሞር ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች።

«ሸጫለሁ» አለች። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ላንተ ነበር የምገዛው፣ ላውሪትስ! ሁልጊዜ ላንተ!»

«እሺ» አለ። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ገበያውን ከስልኳ አጠፋች። ከዚያ ወዲህ ፕሬበን እንኳ ፊቷን እያየ ሊያሾፍባት አልደፈረም። የሚቀጥለው ግጥሚያ ቀን ይደውል ይሆን፣ አይደውል ይሆን እያለች ስልኳን ስታነሳ ስታስቀምጥ ዋለች።

ደወለ። ደስታዋ ወሰን አጣ። ስለ አየሩ ጠየቃት፣ ስለ መዋኛ ቤቱ ጠየቃት፣ ስለ ፕሬበንም ሳይቀር።

«እጅህስ?»

«ደህና ነው፣ እማ። ምንም አይልም።»

ኮምፒዩተሯን ከፍታ ጠበቀች። ተጫዋቾቹ ገብተው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ፣ በላውሪትስ ወንበር ላይ ተጠባባቂው ተቀመጠ። የልጇን መታመም ከማንኛውም ተመልካች እኩል አወቀች።