ከወረቀቱ ብቻ ይጥፋ

ስለ ትበርህ ልጽፍ ነው። ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ፊደል የለየሁት ካደግኩ በኋላ፣ በር ላይ ገቢና ወጪ ስመዘግብ ነው። ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ የኮምፒውተር ቢሮ እኔ ዘበኛ፣ እሷ ጽዳት ነበርን። ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደሩ ጋሽ ደቻሳ" ብላኛለች። ሲመሽ ታክሲ ይዛ ሾላ ወዳለው ቤቷ ትሄዳለች። ማን እንደሚጠብቃት ጠይቄ አላውቅም። እሷም እኔን አልጠየቀችም።

አንድ ጊዜ የሁላችንንም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። ስም፣ ስልክ፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው። እኔ የመጨረሻውን ባዶ ተውኩት። ሥራውን የያዘው ቃልአብ የሚባል ባለሙያ፣ የገባው ሁሉ ለሰው አይታይም አለን። ለባጁ ስምና ፎቶ፣ ሠራተኛው በስልኩ ለሚያየው ዝርዝር ስምና ቁጥር፣ እንዲህ እየተመረጠ ነው የሚወጣው። ትበርህ ይህን ሰምታ፣ የሚጠራው ሰው ስም የትም እንዳይታይባት ለመነችው።

"እትዬ ትበርህ፣ ደብቀው ያገቡት ሰው አለ እንዴ?" አላት።

"ኧረ ተወኝ ልጄ" አለች፤ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። ቃልአብም እንዳይታይ ምልክት አደርግበታለሁ አላት።

በወሩ ሐኪሞች ሠራተኛውን ሊመረምሩ መጡ። ስም እያየሁ እንዳስገባ፣ ከዚያም ግድግዳ ላይ እንድለጥፈው ከቢሮው ዝርዝሩን በወረቀት ሰጡኝ። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። ትበርህ፣ ስልኳ፣ የሚጠራ ሰው። ደ፣ ቻ፣ ሳ። ሌላ ደቻሳ መሰለኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ የኔው ነው። በሩ ላይ ለእንግዳ ከተለጠፈው ወስዳው ይሆናል።

ግድግዳው ላይ ቢወጣ ይስቁባታል። ሰው ስለሌላት ዘበኛውን ጻፈች ይላሉ። ከዚያ እኔንም ቀና ብላ ሰላም የምትለኝ አልመሰለኝም።

ቃልአብ ጋ ወጣሁ። ሲያየው ደነገጠ። ምልክቱን ያደረገው ለስልኩ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ የሚወጣው በኤክሴል ነው፣ ኤክሴሉ ደግሞ የስልኩን ምልክት አያውቅም፣ ለየብቻ ነው አለኝ። ጨርሼ ልሰርዘው ወይ አለ።

"ከወረቀቱ ብቻ ይጥፋ። ከውስጡ እንዳትነካው።"

አዲስ አተመልኝ። የፊተኛውን ቀደድኩት። ትበርህ ተራዋ ደርሶ ስትመጣ ወረቀቱን በጎን አየት አደረገች። ስሜ የለበትም። ግቢ አልኳት፣ ገባች። ሌላ ነገር ማለት ፈልጌ ነበር።

ሥራ ከለቀቀች ዓመት ሊሆናት ነው፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ስሜ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አሁንም ይኑር አይኑር አላውቅም። ድሮ ቤት ስገባ ስልኬን አጠፋው ነበር፣ የሚደውል ስለሌለ። ወረቀቱን ካየሁበት ቀን ወዲህ አላጠፋም። እስካሁን ማንም አልደወለም። ደህና ነች ማለት ነው።