የረሺድን ስም ለጸሎት አቀረብኩ

ይህን ለባሌም ለልጄም ተናግሬ አላውቅም። ለጌታ ነግሬዋለሁ። ለእሱ መንገር ግን አልከበደኝም፤ ቀድሞም ያውቀዋል።

የአንድ ወጣት ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የምንኖረው አምቦ ነው። ልጄ ናኦል ያኔ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር። ጓደኛው ረሺድ ከደቡብ የመጡት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ነው። ላፕቶፑን ይዞ እኛ ሳሎን ይመጣል። «የተኩስ ጨዋታ ነው፣ አዲስ አበባ ውድድር አለን» አሉኝ። አመንኳቸው። በኋላ ማስመሪያውን አየሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፈዋል። ማውሱን በጎኑ ይገፋሉ፣ ያቆማሉ፣ ያነባሉ፤ እንደገና ይገፋሉ።

«እዚህ ሙሉ ዙር ለመዞር ሠላሳ ሴንቲሜትር ፈጀ፤ እዚያኛው ላይ ሃያ» ይላል ረሺድ። «ለዚህ ነው እጅህ የሚስተው።»

«እይታውን ላስፋው?» ይላል ናኦል።

«ስታሰፋው ሰውየው ያንስብሃል። ጭንቅላቱን መቼ ልታገኘው ነው?»

«አንተ መቼ አገኘኸው? ትናንት ግድግዳ ስትደበድብ አልነበር!»

ተሳሳቁ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ለምን ገብቼ አልጠየቅኩም? ጥፋት እየፈለግኩ ነበርና። ስገባ ዝም አሉ፤ ረሺድ ብድግ ብሎ «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ዝምታቸውን ጠረጠርኩ። ትሕትናውንም ጠረጠርኩ።

ጨዋታ በማስመሪያ ይለካል? ያኔ ስንቱ ወጣት ከቤት እንደወጣ ይቀር ነበር። አንዱ ታሰረ ይባላል፣ ሌላው ጫካ ገባ። በእኔ ሳሎን ደግሞ ዙር፣ ርቀት፣ ጭንቅላት ይባላል። ፈራሁ። ፈርቼ ግን የእኔን ልጅ አልጠረጠርኩም፤ የሰውን ልጅ ጠረጠርኩ።

ረቡዕ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጸሎት ነበረን። እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕስ እናቀርባለን። ለጸሎት የቀረበን ነገር ሐሜት ነው ብሎ የሚያስቆም የለም። ይህን አውቅ ነበር።

«ለናኦል ጸልዩልኝ» አልኩ። «የባለሱቁ ልጅ፣ ረሺድ፣ ተኩስ እያስተማረው ነው።»

በኮምፒውተር መሆኑን አልተናገርኩም። ረስቼው አይደለም፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከተናገርኩት የሚስቁብኝ መሰለኝ።

«ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» አለች አንዷ። «ያ ዝምተኛው?»

«ዝምተኛው ነዋ የሚያስፈራው!» አለች እህት ጫልቱ።

እያለቀስን ጸለይን። ወሬው ከዚያ ቤት ሲወጣ የናኦል ስም መንገድ ላይ ቀረ፤ እሱ የጸሎት እህት ልጅ ነው፣ የሚጸለይለት። የረሺድ ብቻ የሚደርስበት ደረሰ። በዚያው ሳምንት ፖሊሶች ሱቅ ድረስ መጥተው ረሺድን ከነላፕቶፑ ወሰዱት።

እኔስ ምን አደረግኩ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መሰከርኩ። «ጌታ ልጄን ከክፉ ጓደኛ አስጣለልኝ» አልኩ። ሕዝቡ እልል አለ። ምስጋናዬ ከልቤ ነበር፤ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ናኦል ምግብ አልበላ አለ። አንድ ቀን እጄን ይዞ ማውሱ ላይ አስቀመጠው። «ግፊው፣ ሃርሜ፣ እናቴ» አለኝ። ገፋሁት፤ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ዓለም ዞረ። «ሁለት ጨዋታ ነው። አንዱን የለመደ እጅ ሌላው ላይ ይስታል። እጄ እኩል ሲሄድ በሁለቱም እኩል እንዲዞር ነበር የምንለካው። እይታው ከሰፋ ደግሞ ያው ዙር ዝግ ያለ ይመስላል፤ ዓይን ያታልላል። ይህን ያስተማረኝ ረሺድ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

እንግዲህ አወቅኩ። በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ መናገር እችል ነበር። እህቶችን ልሰበስብ እችል ነበር። ዝም አልኩ። የሚጠይቁኝ መሰለኝ፤ ልጄን የሚወስዱብኝ መሰለኝ። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ይቅር የሚያሰኝ አይደለም። ረሺድም የእናት ልጅ ነበር።

ረሺድ ሲፈታ ውድድሩ አልፏል፤ ላፕቶፑ አልተመለሰም። ሰው ከሱቃቸው መግዛት ተወ። ሱቁን ሸጠው ወደ ጌዶ ከተማ ሄዱ። ሊሄዱ ሲሉ እናቱ ዘይነባ ልትሰናበተኝ መጣች።

«የናኦል እናት» አለችኝ፣ «ማን እንዲህ እንዳደረገን አላውቅም። አንቺ ግን ፊትሽን አላዞርሽብንም። አላህ ይስጥሽ።»

አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም «አሜን» አልኩ።

ዓመታት አልፈዋል። ናኦል ሥራ ይዟል፣ አግብቷል፤ ጌታን አመሰግነዋለሁ። ስለ ረሺድ ሲያነሳ ግን «ያን ወሬ ማን ጀመረው?» ይላል፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። መጀመሪያ ለናኦል እነግረዋለሁ። ከዚያ ጌዶ ሄጄ ለረሺድ እነግረዋለሁ። ፊቱን ቢያዞርብኝ እውነት አለው። ዘይነባ ደጃፌ ላይ የሰጠችኝን ምስጋና ግን በእጇ መመለስ አለብኝ፤ የእኔ አልነበረም።