በኮምፒዩተር ጨዋታ ያፈረስኩት እርቅ

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ሁለተኛዋ ልጄ፣ በሰፈራችን በቡርቃ ጃቶ እሷንና ሌሎችን ኮምፒዩተር የሚያሠለጥን ሰው፣ ለጨዋታ ከጉቴ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ መምህር።

ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ሠልጣኞቹ ቅዳሜ አንድ የቆየ የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አራት ኮምፒዩተሮች በገመድ ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ገበሬ አሰማርቶ ያርሳል፣ ቅጥር ይሠራል፣ ወታደር ያወጣል። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም እኩል ይሮጣል። ወዳጅ የሆኑ ተጫዋቾች አንዱ በሌላው በር ያልፋሉ።

አሠልጣኙ ከልጄ ጋር ወዳጅ ሆነ። ፈረሰኞቹን ቅጥሯ ውስጥ ካስገባ በኋላ ወዳጅነቱን ሰርዞ እርሻዋን አቃጠለው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው እንዲህ ይታመናል እንዴ? ብጠይቅሽ ከብቱንም ትነጂልኝ ነበር» ሲላት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጄ ከስድስት ወሩ ሥልጠና ሁለት ወር ሲቀራት አልሄድም አለች። ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ የተመኘችውን የጸሐፊነት ሥራ የሚሰጣት የለም።

ልጆቼን «ክፉን በክፉ አትመልሱ» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ሆኖም ማንበብንም ሬዲዮ መጠገንንም ያለ አስተማሪ እንደተማርኩ፣ ጨዋታውንም ሦስት ቅዳሜ ከኋላ ቆሜ ተማርኩት። በአራተኛው ተቀመጥኩና አሠልጣኙን «ወዳጅ እንሁን» አልኩት።

ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ መምህሩ ዞሮ «አየህ፣ ኦቦ ታረቁኝ» አለ። መምህሩም «ተመስገን፤ ልጅቷ ሰኞ ትምጣ» ብሎ ሊደውልላት ወጣ። ጨዋታውን እንደ እርቅ፣ መምህሩን እንደ ሽማግሌ መቁጠራቸው ገባኝ። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

ፈረሰኞቼ በሩን እንዳለፉ ወዳጅነቱን ሰረዝኩ። ወታደሮቹን ትቼ ገበሬዎቹን አንድ በአንድ ጨረስኳቸው።

«ኦቦ፣ ታርቀን የለም እንዴ?» አለኝ።

«ሰው እንዲህ ይታመናል እንዴ?» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ተመልሶ የገባው መምህር ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። አልጣፈጠኝም ብል እዋሻለሁ፤ እስከ ቤቴ ደጃፍ ጣፍጦኛል። ልጄ የሰኞ ልብሷን ስትተኩስ አገኘኋት። ያደረግኩትን ስነግራት የካውያውን ገመድ ነቀለች።

ድምሩ ይህ ነው፦ ልጄ የአራት ወር ድካሟንና ምስክር ወረቀቷን አጣች። አሠልጣኙ ጨዋታውን ከኮምፒዩተሮቹ አጠፋው፤ የቅዳሜ ሰዎቹም ተበተኑ። መምህሩ ዳግም በሰው መሐል ለእርቅ አልገባም ብሏል። እኔም ዘንድሮ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ስጣላ ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው ፈልጌ፣ አንድም አላገኘሁም።