ደቂቃ ያልተጻፈበት መንገድ

እትዬ ካርታ የታችኛውን መንገድ የማትረግጠው እዚያ ያኮረፈችው ባል ስላላት ነው ይባል ነበር። ሰውዬው በአንዱ ወሬ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሌላው ሹፌር ነው፤ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሚስት ያለው ሹፌር ሆኖ ጺም አብቅሏል። ጺሙን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ወሬ ከእኔ ዘንድ ባዶ እጁን ሲወጣ ደስ አይለኝም።

ባል የሚባል ነገር አልነበራትም። እዚያ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ጺምም አልነበረውም። ይህን ያወቅነው ማወቃችን ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ባለ አሥራ አራት ክፍል ፔንሲዮን ሃያ ዓመት ያህል እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። ጠረጴዛዋ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ከኋላዋ የቁልፍ መስቀያ፣ ከጎኗ ክፍላቸው እስኪጸዳ የሚጠብቁ ሰዎች ሻንጣ የሚደረደርበት ጥግ። እንግዳ ሲመዘገብ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት አንድ ወረቀት ትዘረጋለታለች። በእጇ የሳለችው የሰፈሩ ካርታ ነው፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። አረንጓዴ የተሰመረበት መንገድ ይኬዳል፤ ቀይ የተሰመረበት አይኬድም። በየአረንጓዴው ጎን በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ተጽፏል፤ ዳቦ ቤት አራት፣ ክሊኒክ ዘጠኝ፣ ፖስታ ቤት አሥራ ሁለት። አንዱም በግምት የተጻፈ አይደለም። ሰዓቷን እያየች በራሷ እግር ያልሄደችበትን መንገድ ቁጥር አትሰጠውም። ፖስታ ቤቱን እንዲያውም ሁለት ጊዜ ለክታዋለች፤ መጀመሪያ የሄደች ዕለት መንገድ ላይ አንድ ሰው አቁሞ ሲያስቀባጥራት ቆጠራው ተበላሽቶባት። ሰውዬው ማን እንደሆነ ይቅር፤ ወሬ ይወዳል።

ቀይ የተሰመረበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ የታችኛው። እሱ ላይ ቁጥር የለም።

ከወረቀቱ ጋር ደግሞ ምክር አለ። መናኸሪያው በር ላይ ፔንሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ተዘግቷል፣ ውሃ ገብቶበታል የሚል ሰው ሲመጣ አትመኑ፤ ከተቃጠለ እኔው ደውዬ እነግራችኋለሁ ትላለች። ታክሲ ላይ ከሻንጣው በፊት ዋጋው ይግባ። እትዬ ልካኝ ነው የሚል ካጋጠማችሁ እኔ ሰው አልልክም። ሌላ ከተማ ስትሄዱም ማደሪያ ስትመርጡ ቤቱን ሳይሆን ደጁን እዩ፤ በየመስኮቱ ልብስ የተሰጣበት፣ አመሻሹ ላይ ሴቶች ቆመው የሚያወሩበት ሰፈር ከሆነ እደሩበት። በዚህ መለኪያ የእኛ ሰፈር ከዓለም አንደኛ ነው፤ ሴቶቹ ለሰላምታ ቆመው ልብሱ ደርቆ ተመልሶ በጤዛ ይርሳል።

ቀዩ መስመር የመጣው በአንዲት እማማ ምክንያት ነው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከሩቅ የመጡ ሴት ነበሩ። የሐኪሙን ወረቀት በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀበሏቸውና ፔንሲዮኑ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል አሏቸው። እማማ በቅድሚያ ያደረጉት እዚያ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ማዘን ነው። ወጣቶቹም አብረው አዘኑ። ከዚያ በታችኛው መንገድ ወስደው አንድ ደረጃ ላይ አስቀመጧቸው፤ የእርስዎ ሻንጣ ይከብድዎታል፣ እኛ እንያዝልዎ፤ ክፍል አይተን እስክንመጣ የእኛን ይጠብቁልን አሏቸው። እማማ ጠበቁ። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት፣ ሻንጣው እንዳይጠፋ ብለው ውሃ እንኳ ሳይጠጡ። በመጨረሻ ጠይቀው ጠይቀው ፔንሲዮኑ ሲደርሱ አለመቃጠሉን አይተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ቀጥሎም ሻንጣውን ለእትዬ ካርታ አስረከቧት።

«ልጆቹ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል» አሉ። «የሰው አደራ ነው፤ አስቀምጪላቸው።»

እትዬ ካርታ ስትከፍተው አሮጌ ጋዜጣና አንድ ጡብ ነበረበት። እሷ ግን ጡቡን አላየችም። ያየችው ዚፑን ነው። ቡናማ ሻንጣ፣ የዚፑ ጥግ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ። የእናታቸው ሻንጣ ነው። ወንድሟ በልጅነቱ ሲሰፋው ቤት ውስጥ ቡናማ ክር ጠፍቶ በአረንጓዴ ሰፋው፤ እናታቸው ስቀው ልብስ ሰፊ ሆንክልኝ ብለውት ነበር።  ለእማማም፣ ለፔንሲዮኑ ባለቤትም፣ ለፖሊስም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

በዚያን ጊዜ እናታቸው በተዉላቸው ሁለት ክፍል ቤት፣ ከእኛ ሰፈር ርቀው፣ አብረው ነበር የሚኖሩት። ቤት ስትገባ ጠየቀችው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ሻንጣውን አልጋው ላይ ስታስቀምጠው ግን አመነ። ሮጦ ሄዶ የእማማን ሻንጣ አመጣ፤ ወረቀቱ ብቻ አልነበረበትም። ጓደኛው ምን ይሠራል ብሎ ቦይ ውስጥ ጥሎታል። ያለ ወረቀት ሐኪም ቤቱ አልተቀበላቸውም፣ ቀጠሮው አለፈ። እማማ ዓይናቸው እንደደበዘዘ ወደ መጡበት ተመለሱ። ሲሰናበቱ እትዬ ካርታን ጉንጯን ስመው፣ ልጆቹ ተመልሰው ፈልገው አጥተውኝ ይሆናል፣ ከመጡ ይቅርታ በይልኝ አሏት።

ይቅርታ በይልኝ የሚለውን ቃል ወንድሟ ፊት ቆማ እንደ ተባለው አደረሰችው። ከዚያ ከቤት አስወጣችው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን ካርታ ሳለች። ወንድሟን ለፖሊስ አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም፤ መንገዱን ሰጠች።

ወንድሟ ከከተማው ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ ከስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሙያ ይዞ ነበር። የተበላሸ ሻንጣ ይሠራል። ዚፕ፣ ጎማ፣ እጀታ፣ የተቀደደ ሆድ። ከኮቱ ኮሌታ ላይ መርፌ አይጠፋም። ሱቅ የተከራየው በታችኛው መንገድ ነው፤ ሰው ስለሸሸው ርካሽ ሆኖለት። ሻንጣ የሚሰበርበት ደግሞ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ የእህቱን ካርታ ይዟል። ስለዚህ ፔንሲዮኑ ደጃፍ መጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ቀዩን አንሺልኝ።»

«አንድ ዓመት ልይህ» አለችው።

አየችው። ምንም አላጠፋም። ዓመቱ ሲሞላ ሌላ አንድ ዓመት አለች። ክፋት አይደለም። አረንጓዴ ብላ የሰደደችበት መንገድ ላይ አንድ እንግዳ ቢዘረፍ በገዛ እጇ የዘረፈችው ያህል ነበር የምትቆጥረው፤ እማማም ከዓይኗ ላይ አልጠፋ አሏት። እንዲህ እያለች አንድ ዓመት የተባለው አሥራ አንድ ሆነ። ወንድሟ እሑድ እሑድ ይመጣል። ሻንጣ ካለበት ቤት አትገባም ብላው ነበርና ከደረጃው አያልፍም። ሻይ ታወጣለታለች፣ ቆሞ ይጠጣል፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃታል፣ ይሄዳል። ደረጃው ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ለእኛ ለሰፈሩ ሰዎች ምን ሊሆን ይችላል? ባል አደረግነው። ጺሙን የጨመርኩበት በዚያን ጊዜ ነው።

እስከዚያ ካርታው ተባዝቷል። ጎረቤት ፔንሲዮኖች ፎቶ ኮፒ አደረጉት፤ አንደኛው የራሱን ስም አናቱ ላይ ጻፈበት። መናኸሪያው ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። የታችኛው መንገድ ግን ሌላ መንገድ ሆኗል። መዋለ ሕፃናት ተከፍቶበታል፣ በየመስኮቱ ልብስ ይሰጣል፣ አመሻሽ ላይ ሴቶች ቆመው ያወራሉ። በራሷ መለኪያ ለማደሪያ የሚመረጥ ሰፈር ሆኖ ነበር። ይህን እሷ ከየት ትወቀው? አልሄደችበትማ።

አንድ እሑድ ወንድሟ ደረጃው ላይ ሻዩን ይዞ ቆሞ ሳለ አንድ እንግዳ የሻንጣው ጎማ ተገንጥሎበት እየጎተተ ወጣ። እዚህ አቅራቢያ ሻንጣ የሚሠራ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ እትዬ ካርታን ጠየቃት። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። መርፌው ኮሌታው ላይ ይታያል። እትዬ ካርታ ወንድሟን አየችው፣ ሻንጣውን አየችው።

«እዚህ አካባቢ የማውቀው የለም» አለች።

ወንድሟ ሻዩን ጨርሶ ጠጣ፤ ብርጭቆውን ድምፅ ሳያሰማ ደረጃው ላይ አስቀመጠና ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። እሷ ሻዩን እየቀዳች ታወጣለች፤ ሲቀዘቅዝ ትደፋዋለች። እኛም ባልየው ለይቶለት አኮረፈ አልን።

ሁለት ወር አልፎ አንድ ዓርብ ቀን የታችኛው መንገድ ፀጉር አስተካካይ መጣ፤ ሱቁ ከወንድሟ ሱቅ አጠገብ ነው። እትዬ፣ ወንድምሽ ደረቱን አሞት ከተኛ ሰነበተ፣ ላንቺ እንዳልናገር ከልክሎኝ ነበር አላት።  አስተካካዩ ሲወጣ እትዬ ካርታ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ካርታውን ከመጀመሪያው መሳል ጀመረች። ዳቦ ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ፖስታ ቤቱን። የታችኛውን መንገድ በአረንጓዴ አሰመረችው። ከጎኑ የእግሩን ደቂቃ ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶው ቆመ። አልሄደችበትም፤ ያልሄደችበትን ደግሞ አትጽፍም።

በዚያች ደቂቃ ተነስታ ብትሄድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ግን አሥራ አራቱም ክፍል ሞልቷል፣ ቅዳሜ ሦስት አውቶቡስ ይገባል፣ የምትተካት ሴት ደግሞ እሑድ ጠዋት ነው የምትመጣው። እሑድ እሄዳለሁ አለች። ያው የእሱ ቀን ነው። ዛሬ ደግሞ በተራዬ እኔ ደረጃው ላይ ልቁምለት ብላ ለምትተካት ሴት ስትነግራት ፈገግ ብላ ነበር፤ ሴትየዋ እሷን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው ትላለች።

እሑድ ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ አዲሱን ካርታ አጥፋ በቦርሳዋ ከትታ፣ ሰዓቷን እያየች ወጣች። አልሮጠችም። ለምን ትሩጥ? የምትለካው እንግዳ ሻንጣ ይዞ በሚሄድበት እርምጃ ነው። መዋለ ሕፃናቱን አልፋ፣ ልብስ የተሰጣባቸውን መስኮቶች አልፋ፣ ቆመው የሚያወሩት ሴቶች ጋ ደረሰች። ሴቶቹ የቆሙት ግን ለወሬ አልነበረም። ወንበሮች ወደ ደጅ ወጥተዋል። ወንድሟ በዚያው ጠዋት ጎህ ሲቀድ አርፏል።

እኔም ሰማሁና ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ባልየውን ለማየት ነው። ያገኘሁት ጺም የሌለው ሰው በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ሱቁ ውስጥ የተሠሩ ሻንጣዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የእህቱ ካርታ በሁለት ሚስማር ተመቷል፤ ቀዩ መስመር በራሱ ሱቅ ላይ ያልፋል።

እትዬ ካርታ ያንን ስታይ ፀጉር አስተካካዩ ነገራት። መንገድ የተሳሳተ እንግዳ ካርታውን ይዞ እየተደናገጠ ወደ ታች ሲመጣ ወንድሟ ከሱቁ ይወጣል። እንዳይፈሩት ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ይህ መንገድ ቀይ ነው፣ በላይ በኩል ሂዱ ብሎ ፊት ፊት እየሄደ እስከ መታጠፊያው ይሸኛቸዋል። ሻንጣው የተሰበረበትንም ጭምር። አስተካካዩ አንድ ቀን፣ አንተ ሰው፣ በእጅህ የገባልህን ደንበኛ ታባርራለህ እንዴ ብሎት ነበር።

«‹እህቴ ናት የሠራችው› አለኝ» አለ አስተካካዩ። «‹የእሷን ካርታ እኔ ላስዋሽ?› አለኝ።»

ሴቶቹ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት። ፔርሙሱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብለን ጠበቅን፤ አላለቀሰችም። አዲሱን ካርታ አወጣች፣ ዘረጋችው፣ እስክሪብቶ ፈለገች፣ አንዷ አቀበለቻት። አረንጓዴው መስመር ጎን አንድ ቁጥር ጻፈችበት። ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ ቀጥሎ እኛን በየተራ አየችን፤ ወሬ የማያልቅብን ሰዎች ሁላችንም እዚያው ነበርን።

«ሰባት ደቂቃ ነው እኮ» አለች። «ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ቀስ ብዬ ሰባት ደቂቃ።»