እሁድ እሁድ የሚወለወል አፈሙዝ

አባቴ በዘመድ ሠርግ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሰው ሦስቱንም ከሳቱ በኋላ ወደ ካዛንቺስ ተመልሰው ያወጁት ዜና አጭር ነበር፦ አፈሙዙ አርጅቷል። ስለ ዓይናቸው የተናገሩት ነገር አልነበረም።

ይህ የሆነው የሰሜኑ መንገድ ሳይከፋ፣ የካዛንቺስ ቤታችንም ገና ሳይፈርስ ነው። በአባቴ መንደር ልማድ በሠርጉ ማግስት የሁለቱ ወገን ወንዶች ዛፍ ላይ ቅል ሰቅለው ዒላማ ይወዳደራሉ፤ የተሸነፈው ሙክት ያቀርባል። የመጀመሪያው ተኩስ የታላቅ ነውና፣ አባቴ ፈቃዳቸውን በደረት ኪሳቸው፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ይዘው ወደ ሜዳው ወጡ። አንደኛው ጥይት የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ጣለ። ሦስተኛው ከቅሉ ርቆ፣ ሌላ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የሙሽሪትን አባት የንብ ቀፎ መታ። ቄሱ ጥላቸውን እንደ ጋሻ ይዘው ሲሮጡ፣ ሙሽራው ካባውን ተከናንቦ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ፣ እኔ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ ተመለከትኩ። ሙክቱ በደንቡ መሠረት ታረደ፤ ከታዳሚው አብዛኛው ግን ከንፈሩ ስላበጠ ሊያኝክ አልቻለም።

ለእኔ የሳተው ማን እንደሆነ ምሥጢር አልነበረም። አባቴ ካዛንቺስ በሚገኝ የልብስ መደብር በር ላይ ለቆመች የሀበሻ ቀሚስ ለለበሰች አሻንጉሊት በየጠዋቱ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ ስለማትመልስላቸውም የዘመኑን ሴቶች ይወቅሱ ነበር። ሚኒባስ የሚሳፈሩት በጆሮ ነው፤ ረዳቱ “ለገሃር! ለገሃር!” ካላለ ታፔላውን ማንበብ አይችሉም። ያማከርኩት የዓይን ሐኪም የነገረኝም ግልጽ ነበር፦ ሞራ ብቻ ከሆነ ይገፈፋል፤ ከበስተኋላው የዓይን ግፊት ካለ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ ስለዚህ ሳይዘገይ መታየት አለባቸው። አባቴ እምቢ አሉ። መነጽር የጸሐፊ ነው አሉ። ጡረታ የወጡት ከመዝገብ ቤት ነው።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው እሁድ አጎቴ፣ ማለትም የሟች እናቴ ታናሽ ወንድም፣ ምሳ ሊበላ መጣ። መስቀል ፍላወር አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አለው፤ እንግዶቹን በትሕትና ስለሚያስተናግድ የተረፈውን ምላስ ለእኛ ያመጣል።

“ጋሽዬ፣ ንቦቹ ሰላም ብለዎታል” አለ ገና ሳይቀመጥ።

“አፈሙዙ ነው” አሉ አባቴ። “አርጅቷል። ብረትም እኮ ዕድሜ አለው።”

“ጠመንጃ ያረጃል? ኧረ በእመቤቴ! ጡረታም ይወጣል በሉኛ!”

“ይህችን ጠይቃት።” በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ፤ ትክክለኛው አቅጣጫ ግን ትንሽ ወደ ቀኝ ነበር። “ብረት ይደክማል ብላ አይደለም እንዴ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የተቀመጠችው?”

እውነት ነው፤ የዶክትሬት ጥናቴ ስለ ብረት ድካም ነው። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ አባቴ ያሉት “እና አንጥረኛ ሆንሽ ማለት ነው?” ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ቤተሰብ ሙያዬን የፈለገው የድስት እጀታ ሲወልቅ ብቻ ነው። አሁን ግን ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ ዳኛ አደረጉኝ፤ ውሉንም አጎቴ አረቀቀው። አፈሙዙ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ አባቴ በማግስቱ ዓይናቸውን ይታያሉ፤ ካረጀ ግን በዚህ ቤት ስለ ዓይን ማንም ሁለተኛ አያነሳም። አባቴ በእናቴ ስም ማሉ። እኔም ያለ ማመንታት ተስማማሁ፤ ስሌቱ ከእኔ ጋር ነበርና።

የአፈሙዝ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በተኩስ ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው እሳት ከጥይቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ያለውን ብረት በየተኩሱ በጥቂት በጥቂቱ ይልሰዋል። በውስጡ ተጠምዝዘው የተቀረጹት ቦዮች ከዚያ ጀምረው እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ የጥይቱ እርሳስም በቅጡ ሳይሽከረከር ይወጣና አየር ላይ ይቅበዘበዛል። ሳይበርድ በላይ በላዩ የሚተኮስ ጠመንጃ ቶሎ ያልቃል፤ በዝግታ የሚተኮስ የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃ ግን እዚህ ለመድረስ ብዙ ሺህ ጥይት ይፈልጋል። አባቴ በሕይወታቸው የተኮሱት ሁሉ፣ የሠርጉም የተዝካሩም የልጅ መወለዱም ተደምሮ፣ ሁለት ዝናር አይሞላም። በዚህ ሒሳብ ምንሽሩ ገና ኮረዳ ነበር።

ለብቻዬ ከምኖርበት ከሰንጋ ተራ ቤቴ ማጉያ መነጽርና ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዤ መጣሁ። ጠመንጃው ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ የኋላ መዝጊያውን ለማውጣት እጄን ዘረጋሁ።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አሉ አባቴ።

“መዝጊያውን ላወጣ ነው፤ ብርሃን ከኋላ ካልገባ ውስጡ አይታይም።”

“አይወጣም! የጠመንጃ መዝጊያ የሚወጣው ባለቤቱ ሲማረክ ነው። አባቴ አላወጣውም፣ እኔም አላወጣሁትም።”

“በንብ ተማርከው የለም እንዴ ጋሽዬ?” አለ አጎቴ።

ከረጅም ክርክር በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረው ለመቆም ተስማሙ፤ ውርደቱ በዓይናቸው ፊት እንዳይፈጸም። ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ አልነበረም፤ ከቆሙበት ቦታ ቢዞሩም ባይዞሩም ያው ነው። መዝጊያውን አወጣሁና ከኋላ በኩል ተመለከትኩ። ቦዮቹ ስለታም፣ ጥርት ያሉ፣ ከፋብሪካ በወጡበት ቀን እንደነበሩ ናቸው። የድል ዜናዬን ለመናገር አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ በሙያ ልማድ ብቻ፣ ጠመንጃውን አዙሬ ጫፉን አየሁ።

ጫፉ ክብ አልነበረም። ወደ አንድ ወገን ተበልቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል፤ ቦዮቹም እዚያ አካባቢ ጨርሰው ጠፍተዋል። አንድ ጥይት በሹል ጫፉ በኩል ሰካሁበት፤ ጤነኛ አፈሙዝ መንገድ ላይ ሊያቆመው ሲገባ ይህ እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ዋጠው።

“አባባ፣ የሚወለውሉት በየት በኩል ነው?”

“በፊት በኩል ነዋ!” አሉ ለግድግዳው። “በብረት ዘንግ። ጨርቁን ነጭ ጋዝ ነክሬ፣ አመድ ነስንሼ። አመዱ የተነፋ ነው፣ እንዳታስቢ።”

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነው፦ ጠመንጃው እንዳይማረክ ሲባል መዝጊያው አልወጣም፤ መዝጊያው ስላልወጣ ዘንጉ በፊት ገባ፤ በየእሁዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ብረት በአመድ ታሽቶ የአፈሙዙን ከንፈር በአንድ ወገን ሲፍቀው ኖረ። ይህን ጠመንጃ የጨረሰው ተኩስ ሳይሆን ንጽሕና ነው።

ውሉ ግን ስለ መንሥኤው የሚለው ነገር አልነበረም። አፈሙዙ አርጅቷል ካልኩ አባቴ ዓይናቸውን አይታዩም፤ በእናቴ ስም የማሉትን አፍርሰውም አያውቁም። አጎቴ ሁኔታዬን አይቶ ጠቀሰኝ፤ ዋሺ ማለቱ ነው። መዋሸት እችል ነበር፤ በዚያ ቤት የሚያጣራኝ የለም። ያልዋሸሁት ከጽድቅ አይደለም። የተሳሳተ የምርመራ ውጤት በገዛ አንደበቴ እንዲነገር ኩራቴ አይፈቅድም፤ ከሙያዬም ከዚህ ኩራት ሌላ የተረፈኝ ነገር የለም።

“አባባ፣ አፈሙዙ አርጅቷል።”

አባቴ ከግድግዳው ዞሩ። “ዶክተር ማለት ይህች ናት!” አሉ። ዲግሪዬን ካገኘሁ ጀምሮ በዚህ ማዕረግ ሲጠሩኝ የመጀመሪያው ነበር።

“ከሃዲ!” አለ አጎቴ። “እናትሽ በሕይወት ብትኖር ትቆጣሽ ነበር! በቃ፣ ሰውየው ታወረ!”

“አልጨረስኩም” አልኩ፤ ጠመንጃውንም አንስቼ ጫፉን ወደ አባቴ ፊት አቀረብኩት። “ይህ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው?”

“ክብ ነዋ። አፈሙዝ ሌላ ምን ቅርጽ አለው?”

“ጋሼ፣ አንተስ?”

አጎቴ ጎንበስ አለ። “ውይ! ይሄማ እንቁላል ነው!”

“አባባ፣ ይህ በአንድ እሁድ የሆነ አይደለም” አልኩ። “ለዓመታት በየሳምንቱ ፊትዎ ላይ ይዘውት አላዩትም። አፈሙዙን የበላው ዘንጉ ነው፤ ዘንጉን ‘ተው’ ሊል ይገባው የነበረው ዓይንዎ ነው።”

አባቴ አውራ ጣታቸውን በአፈሙዙ ከንፈር ላይ ቀስ ብለው አዞሩ፤ የተበላው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ እንደገና አዞሩ። 

“እኔ ነኝ?” አሉ በመጨረሻ።

“እርስዎ ነዎት።”

የተሻለች ሴት ልጅ እዚህ ላይ አንድ ለስላሳ ቃል ትጨምር ነበር።

“ነገ በስንት ሰዓት ነው ሐኪሙ የሚገባው?” አሉ። “ስለ ውሉ አይደለም። ውሉን አሸንፌያለሁ። ለምንሽሩ ስል ነው የምሄደው።”

ወጣቱ የዓይን ሐኪም “አባ፣ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠይቅ አባቴ “ምንሽር” ብለው መለሱ፤ ሐኪሙም ትንሽ ወደ ኋላ ተሳበ። የኋላ ኋላ እንደነገረኝ፣ በሁለቱም ዓይን ሞራው ወፍሯል፤ ግፊቱም መነሣት ጀምሯል፤ ነርቩ ግን ገና አልተነካም፤ ብንዘገይ ኖሮ እንዲህ አይለንም ነበር።

ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። አባቴ በጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር፣ በብርጭቆዎቹ ላይ የጣት አሻራ፣ በአጎቴ ሸሚዝ ውስጥ ቦርጭ አገኙ። አጎቴ ለሁለት እሁድ ቀረ።

ሞራው በተገፈፈ በሦስተኛው ቀን ጠብታ ላደርግላቸው ወንበራቸው አጠገብ ስቀመጥ ፊቴን ትኩር ብለው ተመለከቱት።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ምንም።”

“ተቆጥተሻል።”

“አልተቆጣሁም፤ ፊቴ ነው።”

ጠጋ አሉ። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከባሕር ማዶ ከተመለስኩ ወዲህ መሰለኝ።”

“እኔ እኮ” አሉ፣ “ይህን ሁሉ ጊዜ ፈገግ ያልሽ ይመስለኝ ነበር።”

 የጠብታውን ክዳን ከፍቼ “ቀና ይበሉ” አልኳቸው። ቀና አሉ፤ ጠብታው እስኪወርድ ድረስም ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም።