ያልተነቀፈችው መስመር

አባቴ መሞቱን ያወቅሁት አለቃዬ ኮዴን ሲያመሰግኑልኝ ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ እስካሁን ለማንም ነግሬ የማላውቀውም ለዚህ ነው።

ያኔ ከከተማው ዳር፣ ፀዳ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ቢሮአችን ማራኪ የሚባለው ሰፈር ቢሆንም የምሠራው ቤቴ ሆኜ ነው። የምጽፈው ድራይቨር ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጡ ካለው የኔትወርክ ካርድ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። በኔትወርክ የሚመጣው መረጃ በትንሽ በትንሹ እየታሸገ ነው የሚጓዘው፤ እሽጉን ፓኬት እንለዋለን። ፓኬቱ ካርዱን ሲነካ ካርዱ ሰዓቱን ይይዛል፣ የእኔ ድራይቨር ደግሞ ያንን ሰዓት አንብቦ ከፓኬቱ ጋር ያያይዛል። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ዘግይቶ ቢያየውም፣ የሚጻፈው የደረሰበት ሰዓት እንጂ የታየበት መሆን የለበትም። ይኸው ነው። ለዚህች ነው እንግዲህ ዓይኔ እስኪቀላ የምቀመጠው።

የጻፍኩትን የሚመረምሩት አለቃዬ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ኮድ ሲመረምሩ ምሕረት አያውቁም። ከመስመሩ ሥር "ለምን?" ብለው ብቻ ይጽፋሉ። ሲከፋቸው "እንደገና" ይላሉ። ሰላምታ የለ፣ በርቺ የለ። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀስኩ ነበር የማርመው። በኋላ ግን ለመድኩት፣ እውነቱን ለመናገር ጭራሽ መናፈቅ ጀመርኩ። ፀዳ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ አከራዬ ደግ ሴት ቢሆኑም ከሰላምታ አያልፉም። ቀኑን ሙሉ ከሰው የማገኘው ቃል ቢኖር ያች "ለምን?" ነበረች። የሚነቅፈኝ ሰው ቢያንስ አንብቦኛል እል ነበር።

አባቴ ኮሶዬ የምትባል የገጠር ቀበሌ ገበሬ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ታሞ ተኝቷል። ወንድሜ ማታ ማታ እየደወለ "ዛሬ ሻል ብሎታል" ይለኛል። እኔም ያንን ኮድ ላስረክብና ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ላክሁት። ልኬው ሻይ ሳፈላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የካርዱ ሰዓት በሁለት ቁራጭ ነው የሚነበበው፤ መጀመሪያ ሰከንዱ፣ ቀጥሎ የሰከንዱ ሽራፊ። አንደኛውን አንብቤ ወደ ሌላው እስክሄድ ሰከንዱ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ያለፈው ሰከንድ ከአዲሱ ሽራፊ ጋር ይጋባና ፓኬቱ ገና ሳይላክ የደረሰ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰከንዱን መልሶ ማየት፣ ተቀይሮ ከተገኘም ሁለቱንም እንደገና ማንበብ። ይችን ስህተት ከዚህ በፊትም ሠርቼ ጋሼ ልክ ልኬን ነግረውኛል። "በቃ፣ ዛሬ ጉዴ ፈላ" ብዬ ቁጣቸውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። "ሸጋ ነው። አልፏል። ደክመሻል፣ ዛሬ እረፊ።"

ደግሜ አነበብኩት። ሸጋ! እኒህ ሰው ይህን ቃል ከየት አመጡት? ስህተቷ እንዳለች ቁጭ ብላለች። ሳያነቡት ነው ያሳለፉት ብዬ ተናድጄ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ሰዓቱ የሚነበብበት ቦታ ላይ ያለችውን ስህተት አላዩዋትም እንዴ?"

"አይቻታለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አሳለፏት?"

"ትደርሳለች። ሌላ ቀን እናያታለን።" አስከትለውም ጠየቁኝ፦ "ምሳ በላሽ?"

ጋሼ ምሳ መብላቴን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኛ አገር ደግሞ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ መርዶው የሚነገረው ሰው እህል መቅመሱ ይታያል፤ ከዚያ ማልደው መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። ሰው ክፉ ነገር ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እስከዚያው የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል። በኋላ እንደሰማሁት ወንድሜ ለጋሼ ደውሎ "እስክንመጣ ድረስ እንዳትሰማ፣ ከከተማም እንዳትወጣ፣ አደራ" ብሏቸው ነበር። አደራቸውን ሊጠብቁ አፋቸውን ያዙ። እጃቸው ግን እንቢ አላቸው። አባቷ ለሞተባት ልጅ "ለምን?" ብለው መጻፍ አቃታቸው።

"በልቻለሁ" አልኳቸው። አልበላሁም ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ማልቀስ አልቻልኩም። ግድግዳው ስስ ነው፣ አከራዬ ወዲያ ማዶ ናቸው። ካለቀስኩ "ማን ነገራት?" መባሉ አይቀርም፤ ጣቱ ሁሉ ጋሼ ላይ ሊቀሰር ነው። ወንድሜ ጋ ልደውል አሰብኩና ተውኩት። "ሻል ብሎታል" ሊለኝ ነው፣ ያንን ደግሞ መስማት አልፈለግሁም። ሲመሻሽ አከራዬ በሳህን ሽሮ ይዘውልኝ መጡ። ዓይኔን እየሸሹ "ብዪ እንጂ፣ ምነው?" እያሉ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን መድኃኒቴ ሁሉ ዙሪያዬን ተደርድሮ ዝም አለኝ። እንደዚያች ማታ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

የማደርገው ሳጣ ኮዱን ከፍቼ የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ። ሥራዬ ነገሮች የደረሱበትን ሰዓት መያዝ ነው፤ አባቴ መቼ እንደሞተ ግን አላውቅም። ሌሊት ይሁን፣ ጠዋት እኔ ሻይ ሳፈላ ይሁን፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። በሁሉም ተናደድኩ። በአባቴም ጭምር፣ ቅዳሜን ሳይጠብቀኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ለባብሼ ተቀምጬ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። አጠገባቸው ወንድሜና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ ከኋላ ጋሼ።

"ምነው ልጄ፣ በጧቱ ተነሳሽ?" አሉ አያ።

"ሥራ ነበረብኝ።"

ገብተው ተቀመጡ። አያ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው አሉ፣ እግዜር የሰጠውን ይወስዳል አሉ፣ መጨረሻ ላይ "አባትሽ አረፈ" አሉኝ። ጮኽኩ። ጩኸቱ የውሸት አልነበረም፣ ከትናንት ጀምሮ አፍኜ ያቆየሁት ነው። ሰዓቱ ብቻ ነው የውሸት። ወንድሜ አቀፈኝ፣ አከራዬም እያለቀሱ ገቡ፣ ግቢው በጎረቤት ተሞላ።

ለቅሶው ጋብ ሲል አያ ከጎኔ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

"ትናንት ገና ሳይመሽ ነው በማኪና የገባነው" አሉኝ። "ማታ አይነገርም ብለን እዚሁ ከዘመድ ቤት አደርን። ወንድምሽ በስልክ ልንገራት ቢል እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ልጄ እንዲህ ያለውን ብቻዋን አትሰማም አልኩ።"

ቀና ስል ከጋሼ ጋር ተያየን። ወዲያው አቀረቀሩ።

"ደግ አደረጋችሁ፣ አያ" አልኩ።